ጀማሪ ሯጭና የቤት ጠላ፦ ጎጃም ላይ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

ጎጃም ውስጥ «ሩጫ ልጀምር ነው» ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ ወገን «ሩጫና ጠላ አይገናኙም፤ አንዱን ምረጥ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጠላ እህል ነው፤ አንድ ጣሳ ገልብጠህ ብትወጣ እንዲያውም ጉልበት ይሆንሃል» ይላል። የመጀመሪያው ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ ሁለተኛው ሰው ይጥላል። በሳምንት ሦስት ቀን ለጤናው የሚሮጥ ጎልማሳ ማኅበር ላይ የሚቀርብለትን ጠላ በግድ መተው የለበትም። ማወቅ ያለበት ጠላው ከሩጫው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ጣሳው ውስጥስ ስንት ግራም አልኮል አለ የሚለውን ነው። ከዚያ በፊት ግን ሩጫው ራሱ እግር ማውጣት አለበት። አብዛኛው ጀማሪ ሩጫውን የሚያቋርጠው በጠላ ምክንያት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነት ነውና ከዚያ እንነሣ።

እስኪያሳፍር ድረስ ቀስ ማለት

የሯጮች አገር ሰው መሆን ለጀማሪ ብዙም አይጠቅመውም። በቴሌቪዥን ያየው የቀነኒሳን ወይም የጥሩነሽን የመጨረሻ ዙር ስለሆነ ሩጫ ማለት መፈትለክ ይመስለዋል። አስፋልት ላይ ይወጣል፣ አራት መቶ ሜትር ይከንፋል፣ ወገቡን ይዞ ይቆማል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ በሳምንቱ ጫማው አልጋ ሥር ይገባል።

የሰውነት ክፍሎች እኩል አይለምዱም። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ነው። ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው «አሁንማ ቻልኩት» ብሎ ርቀቱን በእጥፍ ያሳድጋል። ሳንባው ፈቅዶለታል፤ ቅልጥሙ ግን ገና አልፈቀደም።

ከፍታውም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ያልፋሉ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ዳር ላይ ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ለኑሮው ለምዶታል፤ ሲሮጥ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚጫኑ የሩጫ መተግበሪያዎች «አንዱን ኪሎ ሜትር በዚህን ያህል ደቂቃ» እያሉ የሚያዙት ፍጥነት ለባሕር ዳርቻ አገር የተሰላ ከሆነ ለእኛ ደጋ አይሠራም። ሰዓቱን ይመልከቱ፣ ፍጥነቱን ይተዉት።

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሮጡ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ወይም ሌላ በቃልዎ የሚያውቁትን ነገር ድምፅ አውጥተው ይበሉ። ሐረጉን ሙሉ ብለው፣ ተንፍሰው ወደሚቀጥለው ከተሻገሩ ልክ ነዎት። በየሁለት ቃሉ ከተቆረጠ ፈጥነዋልና ይቀንሱ፤ ካስፈለገም ይራመዱ። አጠገብዎ ያለው እግረኛ ሊቀድምዎት ቢቃረብም ግድ የለም።

አሥር ሳምንት

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእኛ አገር ኑሮ ይመቻሉ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ናቸውና ዕረፍት ይሆናሉ፣ እሑድም ለቤተ ክርስቲያን ይተርፋል። በየሁለቱ ሩጫ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን መኖሩ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ጅማትና አጥንት የሚጠነክሩት በዕረፍቱ ቀን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 5 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያሉ 8 ጊዜ ያፈራርቁ፤ 5 ደቂቃ ተራምደው ይጨርሱ። ጠቅላላው 34 ደቂቃ ነው፤ የተሮጠው 8 ደቂቃ ብቻ ነው። «ይቺማ ምን አላት» ማለትዎ አይቀርም፤ ያው 8 ደቂቃ ግን ቅልጥምዎ ከለመደው ሁሉ አዲስ ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሩጫ በ2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ። በ5ኛውና በ6ኛው 4 በ2፣ 5 ጊዜ። በ7ኛውና በ8ኛው 8 በ2፣ 3 ጊዜ። በ9ኛው 12 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ መሐሉ ላይ 2 ደቂቃ እርምጃ። በ10ኛው ሳምንት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆሙ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው 5 ደቂቃ እርምጃ በሁሉም ሳምንት አለ፤ እሱን መዝለል ልማድ እንዳይሆን።

አንዱ ሳምንት ከከበደ ይድገሙት እንጂ አይዝለሉት። በሕመም ወይም በለቅሶ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ካመለጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። በሁለት ቀን ውስጥ ያመለጠውን ሁሉ ለማካካስ መሮጥ ለጉዳት የተመቸ አቋራጭ ነው።

እርምጃዎ አጭር ይሁን። እግር ከሰውነት ቀድሞ ሩቅ ሲያርፍ ጉልበትና ተረከዝ ይመታሉ፤ መውረጃ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትከሻ ይላላ፣ እጅ አይጨበጥ። ከዚህ የዘለለ የአሯሯጥ ትምህርት ለጀማሪ አያስፈልገውም፤ ቀሪውን ሰውነቱ ራሱ ያስተካክላል።

የት፣ መቼ

ባሕር ዳር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። የጣና ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ ጥላም አለው። ቤዛዊት ኮረብታን ግን እስከ 10ኛው ሳምንት ይተዉት። ደብረ ማርቆስ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛበት ሜዳ ቦታ ፈልጎ መመላለስ ይሻላል፤ መሰልቸቱ ከጉልበት ሕመም አይብስም። ለእንጅባራ ሰው የዘንገና ሐይቅ አካባቢ ደስ ይላል፤ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ የመጀመሪያውን እርምጃ ወደ 10 ደቂቃ ያስረዝሙት። የደጀንን የዓባይ ሸለቆ መውረጃ ለጀማሪ የሚመክር ሰው ካለ አይስሙት። ረጅም ቁልቁለት የጭን ጡንቻን ከዳገት ይልቅ ይጎዳል፤ ከዚያም በላይ የከባድ መኪና መንገድ ነው።

መሬቱን በተመለከተ ጠጠር መንገድ ከሁሉም ይሻላል። ኮብልስቶን ሲደርቅ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ጥቁሩ የዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግርን ያከብዳል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከማሳ ዳር ወደ ጠጠር ወይም ወደ አስፋልት ይዛወሩ። አስፋልት ላይ መኪና በቀኝ ስለሚሄድ እርስዎ በግራ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ ይሩጡ። የአስፋልት ጠርዝ ወደ ጎን ያጋደለ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ እግር ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ውጭኛው ጉልበትዎ ላይ ሕመም ከጀመረ መንስኤው እሱ ሊሆን ይችላል። መኪና በሌለበት ሰዓት ወደ መሐል ጠጋ ይበሉ።

ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይከብዳል። ሳይነጋ አይውጡ፤ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም፤ የሰፈር ውሻም ከጨለማ ውስጥ የሚሮጥ ሰው አይወድም። ውሻ ከመጣ ሩጫውን አቁመው ፊትዎን ሳያዞሩ በእርጋታ ይራመዱ። ጎጃሜ ዱላ ይዞ ቢወጣ የሚገርመው የለም፤ ለሩጫ ግን አጭሯን ይምረጡ፤ ረጅሟ የእጅን ውዝዋዜ ታዛባለች። የአካባቢው ሁኔታ መውጣት በማይፈቅድበት ቀን በግቢ ውስጥ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መመላለስ ልምምዱን ያቆየዋል።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ የጠዋቱን ሩጫ ይተዉት። ላብዎን አፍስሰው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ መዋል ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል። በ9 ሰዓት ቀምሰው በ11 ሰዓት አካባቢ ይሩጡ።

ጫማና ሕመም

ባዶ እግር የሚወዱ ሰዎች የአበበ ቢቂላን ስም ይጠራሉ። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ቢሮ ውሎ የሚገባ ሰው እግር ደግሞ የአበበን እግር አይደለም። ኮንጎ ጫማም ለሩጫ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ አይተነፍስም፣ ላቡ ውስጥ እግር እየተንሸራተተ ይላጣል።

አዲስ የሩጫ ጫማ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሰልባጅ ተራ ይሄዳል፤ ይህም ያዋጣል፣ መምረጥ ከታወቀበት። ጫማውን ጫፍና ተረከዙ ላይ ይዘው ያጥፉት፦ የሚታጠፈው ጣቶቹ ሥር መሆን አለበት። መሐሉ ላይ ከታጠፈ አልቋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የበፊቱ ባለቤት አረማመድ ወደ እርስዎ ጉልበት ይሸጋገራል። ሶሉ በአዲስ ጎማ የተለወጠ ከሆነ ይተዉት፤ ላይ ላዩን ጠንካራ ቢመስልም መሬቱን የሚያለሰልሰው ክፍል ደርቋል። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይሁን። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ይለኩ።

ከሕመም ውስጥ የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን መለየት ይቻላል። ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዝ፣ በሁለተኛው ቀን ብሶ በአራተኛው የሚለቅ የጡንቻ ሕመም ጤናማ ነው። በአንድ እግር፣ በጣት ሊጠቆም በሚችል አንድ ቦታ ላይ፣ አጥንት ላይ ያረፈና በሮጡ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ግን ያቁሙ፤ ሳይለቅ አይመለሱ። ጎን ውጋት ከያዘዎት ፍጥነት ቀንሰው ትንፋሹን እስከ መጨረሻው ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጠግበው በልተው ወዲያው ሲወጡ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ማዞር ወይም ከልክ ያለፈ የልብ መምታት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ገና ሳይጀምር ቢመረመር ይሻላል።

ጣሳው ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ጠላው። የጠላን ጉልበት ለመገመት አጠማመቁን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከቤት ቤት የሚለያየው ብዙ ነገር ከዚያ የሚመጣ ነውና።

ጎጃም ላይ እህሉ እንደ አገሩ ነው፦ በጮቄ ዙሪያ ደጋው ገብስ፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ በኩል ዳጉሳ፣ በቡሬ አካባቢ በቆሎም ይገባበታል። የዳጉሳው ጠላ ጠቆር፣ ቀላ ይላል። መጀመሪያ ብቅል ይዘጋጃል። እህሉ አንድ ቀን ያህል ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ኮባ ቅጠል ላይ ተሰጥቶ ይሸፈናል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲበቅል ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል ውስጡ የሚፈጠረው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ሲበቅል ሻጋታ የያዘው ብቅል ታጥቦም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶም አይድንም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመፍላትም አይጠፋምና ይጣል።

ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ሽታ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የበፊቱን ጠላ ኮምጣጤ ያደረጉትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ትንሽ ብቅል ገብቶበት ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ የበለጠ። ቀጥሎ የተቆራረሰ ቂጣ ወይም እንኩሮ ከቀረው ብቅል ጋር ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲሰክን ውሃ ተሞልቶበት አፉ ይመረጋል፤ ከሳምንት በኋላ ለመጠጥ ይደርሳል።

ለ20 ሊትር የሚሆን መነሻ ልኬት፦ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ እህል። ማለትም ጌሾ አንድ እጅ፣ ብቅል ሁለት፣ እህል ስድስት። ባለሙያዎቹ እናቶች በእጃቸው ስለሚለኩ ቁጥሩን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል፤ ለማያውቅ ሰው ግን መነሻ ይሆነዋል።

የሚበላሸው በአራት መንገድ ነው። እንኩሮው ሳይበርድ ከገባ ትኩሳቱ ኢንዛይሙንም እርሾውንም ይገድላል፤ ጠላው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፣ አይፈላም። ጌሾ ካነሰ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ጌሾ ምሬት ብቻ ሳይሆን የሚያኮመጥጡትን ተሐዋስያን የሚይዝ ነው። አፉ በደንብ ካልተመረገ አየር ገብቶ አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጠዋል። አራተኛው በከተማ የበረታው ነው፦ በጋን ፈንታ ጀሪካን። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን በምንም እጥበት አይጠራም፤ ክዳኑን አጥብቀው ከዘጉትም ጋዙ ያፈነዳዋል፣ ትንሽ መተንፈሻ ይተዉለት። በመጨረሻ የሚሞላው ውሃ ተፈልቶ የበረደ ይሁን፤ ብዙ ቤት የሚረሳው ይህ ነው። ሯጩን በማግስቱ መጸዳጃ ቤት የሚያመላልሰው አልኮሉ ብቻ ሳይሆን ያልፈላው ውሃም ሊሆን ይችላል።

ስንት ግራም?

መደበኛ ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው። ፊልተር ጠላ ወደ 5 እና 6 ይደርሳል። ቅራሪ፣ ማለትም ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው፣ ከሁሉም ይቀላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮሉ በመቶኛ ያባዙ፣ በ0.8 ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ። ግማሽ ሊትር የ3 በመቶ ጠላ 12 ግራም ይሆናል። ግማሽ ሊትር የ6 በመቶ ፊልተር 24 ግራም። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ የፋብሪካ ቢራ በ5 በመቶ 13 ግራም። አረቄ በ40 በመቶ ከሆነ አንዲት 40 ሚሊ ሊትር መለኪያ እንዲሁ 13 ግራም። ስለዚህ «ጠላ አልጠጣሁም፣ ሁለት መለኪያ ብቻ ነው» ያለ ሰው ከአንድ ሊትር ጠላ የሚያገኘውን አልኮል ወስዷል።

ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ጠላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሦስት እጥፉ ደግሞ አራትና አምስት ሰዓት። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ላብ አያፋጥኑትም። «ሮጬ በላብ አወጣዋለሁ» የሚለው ከንቱ ነው፤ በላብ የሚወጣው ከጥቂት አይበልጥም፣ ሥራው የጉበት ነው።

ቅደም ተከተሉ

ከሩጫ በፊት ጠላ አይጠጣም። አልኮል ሚዛንን ያዛባል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ለሚዛን ስህተት ቦታ የለም። ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያዳክም ሽንት ይበዛል። የድካም ስሜትንም ስለሚያደነዝዝ ጀማሪው ሳያውቅ ይፈጥናል፤ እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚያፈርሰውም ይህ ነው።

«ጠላ እህል ነው» የሚሉት እውነቱ ግማሽ ነው። ያልተለወጠ ስታርችና ስኳር በውስጡ ይቀራል። የአልኮሉ ኃይል ግን፣ በግራም 7 ካሎሪ ቢሆንም፣ ጡንቻ ለነገ ሊያጠራቅመው የሚችል አይደለም። ለሯጭ የሚሆን የገብስ ነገር ከተፈለገ በሶ አለ፤ በማር የታሸ ጭብጦ ወይም የተበጠበጠ በሶ ከሩጫ በኋላ ከየትኛውም መጠጥ ይበልጣል።

ከሩጫ በኋላ መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ፣ ከዚያ ጨው ያለበት ምግብ፣ ሽሮም ምስርም ይሁን። ሽንትዎ ነጣ ካለ በኋላ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ጠላ ቢጠጡ ችግር የለውም። ለሮጡበት ቀን ግማሽ ሊትር፣ ቢበዛ አንድ ሊትር መደበኛ ጠላ በቂ ነው፤ ፊልተር ከሆነ ግማሹ። በጣም ሲበዛ የጡንቻ ጥገናን ያዘገያል። እንቅልፍም ያመጣ ይመስላል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል። ምርጫ ካለ ለሯጭ ቅራሪ ይሻላል፤ ሰው «የውሃ ዘመድ» እያለ ቢያላግጥበትም ጥማት ይቆርጣል፣ ራስ አይዝም። ጉሽ ጠላን ግን በማግስቱ ሩጫ ካለ ይለፉት፤ ያልሰከነው እርሾና ዱቄት ሆድ ይነፋል፣ እየሮጡ መነፋት ደግሞ የከፋ ነው። የማይጠጣ ሰው ለሩጫ ብሎ መጠጣት መጀመር የለበትም፤ አለመጠጣት ምንም አያጎድልበትም።

ከባዱ ነገር መቁጠሩ ነው። ማኅበር ላይ ጣሳ አጋምሶ መቀመጥ አይቻልም፤ አስተናጋጇ «በሞቴ!» ብላ ትሞላዋለች፣ ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ስንት እንደጠጡ ማወቅ ያዳግታል። መፍትሔው ሙሉ ጣሳ ይዞ በጣም ቀስ ብሎ መጎንጨት ነው። ሙሉ ጣሳ ላይ ማንም አይሞላም።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምትዎን ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙ። ከወትሮው በ10 ከበለጠ ወይም አፍዎ ደርቆ ራስዎን ካመመዎት ሩጫውን ወደ እርምጃ ይለውጡት።

መድኃኒት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ወስዶ በዚያው ቀን ጠላ መጠጣት ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጉበቱን ስለሚጎዳው፣ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ደግሞ ማስመለስና የልብ መምታት ሊያመጣበት ስለሚችል አይጠጡ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሮጦ ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ለጾም ፍቺም ቢሆን ጠላ ይቅርባት።

ከሁሉም ሳምንታት አስቸጋሪው የፋሲካ ነው። 55 ቀን ከጾመ ሆድ ላይ ሥጋ፣ ቅቤና ጠላ በአንድ ሌሊት ይወርዳሉ። እሑድና ሰኞ ሩጫ አይታሰብ፤ ማክሰኞ 30 ደቂቃ እርምጃ ብቻ። ሐሙስ ከፋሲካው በፊት ከነበሩበት ሳምንት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይሩጡ፤ ቅዳሜ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ነውና ጠዋት በጊዜ ሮጠው ይጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ ጠሪ አይጠፋም።